ባልተስተካከለ ወለል ላይ የእንጨት ወለል ማንጠፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት ሲሠራ ወለሉ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ግንበኛው ደክሟል፤ ገንዘቡ አልቋል፤ ባለቤቱም ለመግባት ቸኩሏል። ሲሚንቶው በአንድ ቀን ይፈስሳል፤ በማግሥቱ ይረገጣል። ከዓመታት በኋላ ፓርኬ ለማንጠፍ የተነሣ ሰው ከሥር የሚያገኘው ያንን የችኮላ ቀን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ ወለል ስሠራ ደጋግመው የገጠሙኝ ናቸው፤ ኮንዶሚኒየም ተረክበው በባዶ ሲሚንቶ ላይ የቆሙም፣ የወላጆቻቸውን አሮጌ ቤት የሚያድሱም ጠይቀውኛል።

ወለሌ ጎርባጣ ነው። የእንጨት ወለል ማሰብ እችላለሁ?

ይችላሉ። እንከን የሌለው ወለል እኔም አላየሁም። ነገር ግን «ጎርባጣ» የሚለው ቃል የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ስም ይጠራል፤ ጉብታ አለ፣ ስርጉድ አለ፣ ዝንባሌ አለ፣ እርጥበት አለ፣ ከሥሩ የተላቀቀ ሲሚንቶም አለ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ናሙና ለማየት ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ወለሉን ይመርምሩ። ብዙ ሰው ቀለሙን ወድዶ፣ ከፍሎ፣ አስጭኖ ካመጣ በኋላ ነው ጎንበስ ብሎ ሥሩን የሚያየው። የትኛው እንጨት ለቤትዎ እንደሚሆን የሚነግርዎት ግን ሱቁ ሳይሆን ሶሌታው፣ ማለትም ከሥር ያለው የሲሚንቶ ወለል ነው።

መዛባቱን እንዴት እለካለሁ? ስንት ሚሊ ሜትር ነው የሚፈቀደው?

ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢገኝ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ይፈልጉ። ግንበኞች ልስን የሚያስተካክሉበት ባለ አራት ማዕዘኑ አሉሚኒየም ይበቃል። መጀመሪያ ግን ዘንጉ ራሱ እንዳልጎበጠ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ከጫፍ ወደ ጫፍ ይመልከቱት። ክፍሉን በደንብ ይጥረጉ፤ ከዚያ ዘንጉን በርዝመት፣ በወርድና በሰያፍ እያዞሩ መሬት ላይ ያሳርፉት። በሥሩ ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ስርጉድ ነው። ዘንጉ መሐሉ ላይ ተደግፎ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ጉብታ ላይ ነው ያለው። ሁለቱንም በጠመኔ ይክበቡ፤ ጥልቀቱን በሚሊ ሜትር እዚያው ወለሉ ላይ ይጻፉት።

ለእንጨት ወለል በሰፊው የሚሠራበት ልክ በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ልዩነት ነው። ለላሚኔት፣ ማለትም ፊቱ ላይ የእንጨት ፎቶግራፍ ለታተመበት ሳንቃ፣ ብዙ አምራቾች በ2 ሜትር ውስጥ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይፈቅዱም። የገዙት ዕቃ ማሸጊያ ላይ ሌላ ቁጥር ካለ እሱን ይከተሉ። ዘንጉ ያልያዘውን ጥቃቅን መዛባት ለማየት ማታ መብራት አጥፍተው የእጅ ባትሪ መሬት ላይ አስተኝተው ያብሩ፤ እያንዳንዷ ጉብታ ጥላዋን ትጥላለች።

ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። መጀመሪያ ውሃ ልክ ማድረግ አለብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሲሚንቶ በከንቱ ሲፈስ አይቻለሁ። ደልዳላ መሆንና ውሃ ልክ መሆን አንድ አይደሉም። ጠረጴዛን በአንድ በኩል ከፍ ቢያደርጉት ያዘነብላል እንጂ ፊቱ አይጎብጥም። የእንጨት ወለል የሚፈልገው ያልጎበጠ ፊት ነው። ክፍሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 1 ሴንቲ ሜትር ቢያዘነብል፣ ዝንባሌው ወጥ እስከሆነ ድረስ ፓርኬውም ላሚኔቱም ቅር አይለውም። የቤት ዕቃ እግር ሥር ትንሽ ነገር ማስገባት ይቀላል።

አንድ ነገር ብቻ ያስተውሉ። ዝንባሌው ወደ መታጠቢያ ቤት ወይም ወደ በረንዳ የሚወርድ ከሆነ ምናልባት ሆን ተብሎ ለውሃ መውረጃ የተሠራ ነው። እዚያ ቦታ እንጨት አያንጥፉ።

ከሥር የሚነጠፈው ፎም ወፈር ቢል ጉድጓዱን አይሸፍነውም?

አይሸፍነውም። እንዲያውም ወለል የሚያበላሸው ብልሃት ይህ ነው። ከላሚኔት ሥር የሚገባው ፎም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ሥራው የእግር ድምፅ ማለዘብና የአሸዋ ቅንጣት የምታህልን ሻካራነት መዋጥ ነው። ሁለትና ሦስት ድርብ ሲደረግ ሰው በተራመደ ቁጥር ሳንቃው ይሰምጥና ይነሣል። ሳንቃዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ወንዴና ሴቴ መጋጠሚያ ደግሞ በጣም ስስ ነው፤ በየቀኑ እየታጠፈ ከርሞ ይሰበራል። ከዚያ መገጣጠሚያው ይከፈታል፤ የመወልወያው ውሃ ይገባል፤ ጠርዙ ያብጣል። ካርቶን ወይም አሮጌ ምንጣፍ ደርድረው ጉድጓድ የሚሞሉ ሠራተኞችም አጋጥመውኛል። ካርቶን እርጥበት ጠጥቶ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ከቤትዎ ወለል ሥር ምንም ጉዳይ የለውም።

ጉብታውን ልፍጨው ወይስ ስርጉዱን ልሙላው?

ወለሉ ላይ በጠመኔ የጻፏቸውን ቁጥሮች ይዩ። አንድ ጉብታ ብቻ ክፍሉን የሚያዛባ ከሆነ እሱን መፍጨት የቀረውን ሁሉ ከመሙላት በእጅጉ ይረክሳል። የአልማዝ ዲስክ የተገጠመለት መፍጫ ሥራውን በፍጥነት ይጨርሳል። አቧራውን ግን አይናቁት። የሲሚንቶና የአሸዋ ብናኝ ሲሊካ የሚባል ነገር አለበት፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳት አይድንም። አቧራ የሚስብ መሣሪያ የተገጠመለት መፍጫ ይጠይቁ፤ ሠራተኛው አፉን በጨርቅ ከመሸፈን ይልቅ ትክክለኛ የአቧራ ማስክ ያድርግ፤ ልጆችና አረጋውያን በዚያ ቀን ከቤት ይራቁ። ለቀን ሠራተኛው ማስክ መግዛት የባለቤቱ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስርጉዱ ሰፊ ከሆነ ግን መሙላት ግድ ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ተራ የሲሚንቶና የአሸዋ ቅይጥ በስሱ መቀባት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቅይጥ 2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ካልወፈረ አሮጌውን ወለል በደንብ አይዝም፤ ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይነሣል። ለስስ ሙሌት የተሠራው ራሱን የሚያደላድል ሲሚንቶ ነው፤ በከረጢት ይሸጣል፣ ሲበጠበጥ እንደ አጥሚት ፈሳሽ ይሆናል፣ ሲፈስስም ዝቅ ያለውን ቦታ ራሱ ፈልጎ ይሞላል። ወለሉ መጀመሪያ መጠረግና በፕራይመር፣ ማለትም ከሙሌቱ በፊት በሚቀባ ፈሳሽ፣ መቀባት አለበት፤ ያለዚያ ደረቁ ሲሚንቶ ውሃውን ጠጥቶ ሙሌቱን ያደርቅበታል። የውሃውን መጠን ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጠቀሙ። «ትንሽ ይቅጠን» ብሎ ውሃ የሚጨምር ሰው ፊቱ ዱቄት የሚሆን ወለል ያስረክብዎታል።

ዋጋውን አስቀድመው ለማስላት ይህን ይያዙ፦ ለ1 ካሬ ሜትር በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይገባል። 12 ካሬ ሜትር የሆነ መኝታ ቤት በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር መሙላት ካስፈለገው 96 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት አራት። ይህን ስሌት ይዞ የሚገዛ ሰው መሐል ላይ ሙሌት አያልቅበትም፤ በሁለት ጊዜ የፈሰሰ ወለል ደግሞ መገናኛው ላይ ሁልጊዜ ጠባሳ አለው።

ሊሾው፣ ማለትም የወለሉ የላይኛው የሲሚንቶ ልስን፣ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲጠረግም ዱቄት አያልቅበትም። ምን ላድርግ?

በትንሽ መዶሻ ወለሉን በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ቀስ እያሉ ይምቱት። ጠንካራው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከሥሩ የተላቀቀው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ያስተጋባውን ክፍል ቆርጦ አንሥቶ እንደገና መሙላት እንጂ በላዩ ላይ ማንጠፍ መፍትሔ አይሆንም። ዱቄቱን ደግሞ በምስማር ይፈትኑ፤ ጫን ብለው ሲጭሩት ምስማሩ ጠልቆ ከገባና አሸዋው ከተፈረፈረ፣ ያ ወለል የሚጣበቅ ፓርኬ አይሸከምም። ኮላው ፓርኬውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲሚንቶው ግን ከራሱ ሥር ይላቀቃል፤ የተነሣውን ፓርኬ ገልብጠው ቢያዩት ከጀርባው አቧራ ይዞ ይመጣል። ችግሩ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ደካማውን ሽፋን ፈግፍጎ በሚያጠነክር ፕራይመር መቀባት ይበቃል። ለዓመታት በሰም የተወለወለ ሊሾ ከሆነም ሰሙ ካልተፋቀ ምንም ኮላ አይዘውም።

ወለሉ ደርቋል ወይስ አልደረቀም? በዓይን ደረቅ ይመስላል።

ዓይን በዚህ ነገር ምስክር አይሆንም። ይህን የተማርኩት በገዛ ስሕተቴ ነው። የእናቴን ቤት ሳሎን በግንቦት ወር በባሕር ዛፍ ፓርኬ አንጥፌ ነበር። ምድር ላይ የተቀመጠ ሶሌታ ነው፤ ፊቱ ነጭና ደረቅ ይመስል ስለነበር ሳልፈትነው ቀረሁ። ነሐሴ ላይ መሐሉ እንደ ድንኳን ተነሣ። ስናነሣው ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ጠቁሮ ረጥቦ ነበር። አሮጌ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከሶሌታው ሥር ፕላስቲክ አልተነጠፈላቸውም፤ ክረምት ላይ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ እርጥበቱ በድንጋዩና በሲሚንቶው በኩል ወደ ላይ ይሳባል። ወለሉ ክፍት እያለ እርጥበቱ ተንኖ ይጠፋል፤ እንጨት ሲከደንበት ግን መውጫ ያጣና እንጨቱ ውስጥ ይገባል።

በቤት የሚደረግ ፈተና አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ያንጥፉ፤ አራቱንም ጎን በፕላስተር ያሽጉና ሁለት ሦስት ቀን ይተዉት። ሲያነሡት ከሥሩ ጤዛ ካገኙ ወይም ሲሚንቶው ከአካባቢው ጠቁሮ ከታየ እርጥበት አለ። ይህ ፈተና እርጥበት መኖሩን ሲናገር ይታመናል፤ «የለም» ሲል ግን በተለይ በበጋ ከተደረገ ሙሉ በሙሉ አይታመንም። የሚጣበቅ ፓርኬ ሊያነጥፉ ከሆነ መለኪያ ያለው ባለሙያ ያስመጡ። በካርባይድ በሚሠራው መለኪያ የሲሚንቶ ወለል ከ2 በመቶ በታች ሲሆን ነው ለእንጨት የሚበቃው።

አዲስ የፈሰሰ ወለልም ትዕግሥት ይፈልጋል። በግምት የሚያዘው ሕግ ለመጀመሪያዎቹ 4 ሴንቲ ሜትሮች ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ውፍረት ጊዜው በእጥፍ ይጨምራል፤ በክረምት ደግሞ የበለጠ ይዘገያል።

እርጥበት ካለስ? ምንጩ የሚፈስ ቧንቧ ወይም ከውጭ ወደ ግድግዳው የሚተኛ የዝናብ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያስቁሙ፤ በቤቱ ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ ማስቆፈር ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። ቀሪውን እርጥበት በሁለት መንገድ መያዝ ይቻላል። ሳይጣበቅ ለሚነጠፍ ወለል ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ፣ መገናኛው 20 ሴንቲ ሜትር ተደራርቦና በፕላስተር ታሽጎ፣ ጠርዙም ግድግዳው ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ ይነጠፋል። ለሚጣበቅ ፓርኬ ደግሞ እርጥበት የሚገታ ኤፖክሲ ሁለት ጊዜ ይቀባል። ኤፖክሲው ውድ ነው። ወለሉ በየክረምቱ በግልጽ የሚረጥብ ከሆነ ግን በዚያ ክፍል ሴራሚክ ያንጥፉ ብዬ በቅንነት እመክርዎታለሁ፤ እንጨቱን ለመኝታ ቤት ያቆዩት።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ? ፓርኬ፣ ድርብርብ ወይስ ላሚኔት?

ደንበኛው ፓርኬ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ከእንጨት የተቆረጠውና በኮላ የሚጣበቀው፣ ከሁሉም በላይ ዕድሜ አለው። ሲያረጅ ይፋቃል፣ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል፣ ለልጅ ልጅም ይተርፋል። ግን ከሁሉም ይልቅ ጥሩ መሠረት የሚጠይቅ ነው፤ ደረቅ፣ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ካልሆነ አይታረቅም። በአገራችን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ማገዶውም፣ አጥሩም፣ ቤቱም ሆኖልናል፤ ለወለልም በጥንካሬው ይመሰገናል። ዐመሉ ግን ሲደርቅ በጣም መሸማቀቁ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ የተነጠፈ ባሕር ዛፍ በመጀመሪያው በጋ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፍታል።

ስለዚህ ሻጩ «ደርቋል» ሲልዎት አይብቃዎት። ለቤት ውስጥ ወለል የእንጨቱ እርጥበት ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። የእንጨት እርጥበት መለኪያ ከሌለ በቤት ምድጃም ማወቅ ይቻላል። ከአንዱ ፓርኬ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው ይመዝኑ፤ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ኦቭን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት፤ እንደገና ይመዝኑ። 120 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ የጠፋው ውሃ የደረቁን እንጨት 20 በመቶ ነው፤ ያ ፓርኬ ለመነጠፍ ገና ነው።

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ውበታቸው የታወቀ ነው፤ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ ጥበቃ የተደረገላቸው አገር በቀል ዛፎችም ናቸው። ከየት እንደመጣ ማስረጃ የሌለው ጣውላ አይግዙ። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጽድ ጣውላ ካገኙ ግን አይለፉት፤ ለረጅም ዓመታት የደረቀ እንጨት ነው፣ ደግሞም አዲስ ዛፍ አያስቆርጥም። ምስማሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ብቻ ነው ድካሙ።

ድርብርቡ ፓርኬ ከላይ እውነተኛ እንጨት ነው፤ ከሥሩ እንደ ኮምፔርሳቶ ተሻግሮ የተደራረበ ሽፋን አለው። ሽፋኖቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ በእርጥበትና በድርቀት ብዙ አይንቀሳቀስም። የላይኛው እንጨት 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ሁለት ጊዜ መፋቅ ይችላል። ወለሉ መካከለኛ ለሆነና አቅሙ ለፈቀደ ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ላሚኔት ፊቱ እንጨት አይደለም፤ የእንጨት ፎቶግራፍ ታትሞበት በጠንካራ ሽፋን የተጠበቀ፣ ከታመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሳንቃ ነው። ሳይጣበቅ ስለሚነጠፍ ደካማ ሊሾ ላይ ከፓርኬ ይሻላል፤ አይፋቅም፤ ውሃ ደግሞ ጠላቱ ነው። ሲገዙ ፊቱ መፋተግን ምን ያህል እንደሚችል የሚናገረውን ኤሲ (AC) የሚል ደረጃ ይመልከቱ፤ ኤሲ 3 ለመኖሪያ ቤት ይበቃል፣ እንግዳ ለሚበዛበት ሳሎን ኤሲ 4 ይሻላል። ወለልዎ ፍጹም ካልሆነ ከ8 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ 12 ሚሊ ሜትሩ በእግር ሲረገጥ የረጋ ነው፤ ከላይ ከተጠቀሰው ልክ ግን ነጻ አያደርግዎትም።

በየትኛው ወር ላንጥፍ?

በአዲስ አበባ ጥቅምትና ኅዳርን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። እንጨት ከአየሩ ጋር እየተካከለ ይኖራል፤ የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 9 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል፣ አየሩ 80 በመቶ ሲደርስ 16 በመቶ ገደማ ይይዛል። በዚህ ልዩነት 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጣውላ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ሊሰፋ ይችላል፤ በ40 ጣውላ ያባዙት። በነሐሴ የተነጠፈ ወለል አብጦ ስለሚነጠፍ በጥር ክፍተት ይከፍታል። በየካቲት ተጠጋግቶ የተነጠፈ ደግሞ በሐምሌ መሄጃ ያጣል። ዝናቡ ቆሞ ቤቱ ሲናፈስ ግን እንጨቱ መካከለኛ ቦታ ላይ ነው።

ወሩ ምንም ይሁን፣ እንጨቱ የሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ይሰንብት። ላሚኔት በማሸጊያው እንዳለ 48 ሰዓት፤ ደንበኛው ፓርኬ አየር እንዲያገኘው ተደርድሮ አንድ ሁለት ሳምንት። አዲስ አበባ ተሠርቶ ወደ ድሬዳዋ የሚጫን ፓርኬ ከሆነ እዚያው ድሬዳዋ ነው መሰንበት ያለበት።

በግድግዳው ዙሪያ ክፍተት መተው ለምን? አናጢው «ያስቀይማል» አለኝ።

አያስቀይምም፤ ዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚመታው ጠባብ ሳንቃ፣ ይሸፍነዋል። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር በግድግዳው ሁሉ፣ በበር መቃኑ፣ በቧንቧውና በዓምዱ ዙሪያ ይተዉ። እንጨቱ ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ዞኮሎውም ግድግዳው ላይ ይመታ እንጂ ወለሉ ላይ አይመታ። ሳይጣበቅ በተነጠፈ ወለል ላይ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ገንብቶ መቸንከርም ክፍተቱን እንደ መድፈን ይቆጠራል። ከ8 ሜትር በላይ ለሆነ ሳሎን ወይም ከክፍል ወደ ክፍል ለሚያልፍ ላሚኔት በሩ ላይ መለያያ ያድርጉ።

አሮጌው ሴራሚክ ሳይነሣ በላዩ ማንጠፍ ይቻላል?

ሳይጣበቅ ለሚነጠፍ ዓይነት ይቻላል፤ ሴራሚኩ ከሊሾ ይልቅ የተሻለ መሠረት የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። የሚነቃነቁትን ያንሡና ቦታውን ይሙሉ። የከፍታውን ነገር አስቀድመው ያስቡ፤ 12 ሚሊ ሜትር ላሚኔትና 3 ሚሊ ሜትር ፎም 15 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርግዎታል፤ በሮቹ ከሥር ይቆረጣሉ፣ የብረት በር ከሆነ ደግሞ ወጪው ሌላ ነው።

የአያቴ ቤት ወለል አሮጌ ጣውላ ነው፤ ይንቋቋል፣ መሐሉም ሰምጧል።

እባክዎ ለመሸፈን አይቸኩሉ። ጣውላው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የታመመው ከሥሩ የተጋደመው ሞራሌ ነው። ሁለት ሦስት ጣውላ አንሥተው በባትሪ ይዩ። ምስጥ የገባበት እንጨት በቢላ ጫፍ ሲወጋ እንደ ዳቦ ይገባል፤ ውስጡም አፈር የተሞላ መስመር አለው። ያ ከሆነ ሞራሌው ይቀየር፤ የምስጡም መንገድ ይፈለግ። ደህና ከሆነ ግን መንቋቋቱ የሚመጣው ምስማሩ ላልቶ ጣውላው ሲፋተግ ነው፤ ረጅም ብሎን ከጣውላው ወደ ሞራሌው ሲጠብቅ ዝም ይላል። የሰመጠውን ሞራሌ ጎኑ ላይ ሌላ ሞራሌ አጣምሮ ወደ ልኩ ማንሣት ይቻላል። በቤቱ መሠረት ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ይፈልጉ፤ ብዙ ቦታ በልስን ወይም በአበባ መደብ ተደፍነዋል። ከወለሉ ሥር አየር ካልተመላለሰ የምንሠራው ሁሉ ይበሰብሳል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ አሮጌውን ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቀው ቫርኒሽ ቢያስቀቡት፣ አዲስ ለማንጠፍ የነበረዎት ሐሳብ ሊለወጥ ይችላል።

ቡና ስናፈላ ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፤ ከሰሉም መሬት ላይ ነው። ወለሉ ይችለዋል?

ቄጤማው እርጥብ ሆኖ ካደረ ቫርኒሹን ያነጣዋል፤ በላሚኔት መገጣጠሚያ በኩልም ውሃ ይገባል። ውሃውን በደንብ አራግፈው ይጎዝጉዙ፤ ቡናው እንዳለቀ ይጥረጉት። የከሰል ማንደጃው ግን እግሩ ቢረዝምም በቀጥታ እንጨት ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ሰፋ ያለ የድንጋይ ወይም የሴራሚክ ንጣፍ ያድርጉ፤ መስኮቱንም ይክፈቱ። ሙቀጫው ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ይፈልጋል፤ ለወለሉም፣ በኮንዶሚኒየም ለታችኛው ጎረቤትም። ለጽዳት ደግሞ ውሃ ደፍቶ ማጠብ የሚባለው ነገር ይቅር፤ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

የምኖረው አሜሪካ ነው። ምድር ቤቱ አሮጌ ንጣፍ አለበት፤ ፈግፍጌ ላሚኔት ላንጥፍ?

ሳይመረመር በፍጹም አይፈግፍጉ። ከ1980ዎቹ በፊት በተሠሩ የአሜሪካ ቤቶች የተነጠፉ ትናንሽ የቪኒል ንጣፎችና ከሥራቸው ያለው ጥቁር ማጣበቂያ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። አስቤስቶስ አደገኛ የሚሆነው ሲፈጭና ሲበን ነው። ትንሽ ናሙና በጥንቃቄ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል። ንጣፉ የረጋና ያልተሰበረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሳይነካ በላዩ ማንጠፍ ይመከራል። የምድር ቤት እርጥበት ግን እዚያም ያው ነው፤ የፕላስቲኩን ፈተና አይዝለሉ።

ፓርኬዬ ተነሥቷል። መዳን ይችላል?

ብዙ ጊዜ ይችላል፤ ችኮላ ካላበላሸው። መጀመሪያ ዞኮሎውን ያንሡና ፓርኬው ግድግዳውን ነክቶ እንደሆነ ይዩ። ከነካ በግድግዳው ሥር አንድ መስመር አስቆርጠው ያውጡ፤ ወለሉ መተንፈሻ ሲያገኝ በሳምንታት ውስጥ ራሱ የሚተኛበት ጊዜ አለ። ከዚያ የውሃውን ምንጭ ይፈልጉና ያስቁሙ። የጣውላዎቹ ጠርዝ ተነሥቶ መሐላቸው ከጎደጎደ እርጥበቱ ከሥር እንደመጣ ይወቁ። እዚህ ላይ «እንፋቀውና ይስተካከል» የሚል ሠራተኛ ይመጣል፤ እሺ አይበሉት። እርጥብ ሆኖ ያበጠው ጠርዝ ዛሬ ከተፋቀ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ጠርዙ ከልኩ በታች ይወርድና መሐሉ ጎብጦ ይቀራል። በጋው ይለፍ፤ ወለሉ ይድረቅ፤ በመለኪያ ይረጋገጥ። የእናቴን ሳሎን የፋቅኩት በየካቲት ነው፤ ከተነሣ ከስድስት ወር በኋላ።